ቆጣሪዋ

ኢሽቤል ማክፌይል፣ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት፣ ዲግሪዋ ሁለት፣
ኤድንብራ ውስጥ ካለ አንድ የፖሊሲ አማካሪ ድርጅት
በጀማሪ ምሩቃን መርሐ ግብር ገባች በመስከረም፤
ስምንት መቶ ሰው አመልክቶ፣ ከዘጠኝ በላይ ያለፈ የለም።

ላፕቶፕ ሰጧት፣ ባጅ ሰጧት፣ ስሟ የታተመበት ኮዳ፤
ሳምንቱን ሙሉ ሠለጠነች፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ፣ እንደ እንግዳ።
«ባለድርሻ» ማለት ተማረች፣ «ማዕቀፍ» ማለት፣ «ፍኖተ ካርታ»፣
በሦስት ነጥብ መናገርንም፤ ሁለት ካላት አንዱን አባዝታ።

የመጀመሪያ ምድቧ ደረሰ፤ ለእናቷ የነገረቻት ድምጿን ቀንሳ፦
በሰሜን ባሕር ዳር ያለ ወረዳ ነው፣ በጀቱ የሳሳ፣
ሰባት የሕዝብ ሽንት ቤት አለው፤ ሰባቱን መያዝ አቃተው፤
የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይዘጋ? ጥናቱ ይኸው ነው።

«ቁጥር አምጪልኝ» አላት ፈርገስ፣ አለቃዋ፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣
«በሁለት ቀን ከመቶ አርባ ሰው በታች ከገባበት፣ አለቀ፣ ፈረሰ።»
በእጇ የብረት መቁጠሪያ፣ በአውራ ጣት ተጭነው ቀጭ የሚያደርጓት፣
በኪሷ ቅጽ፣ በቦርሳዋ ኮዳ፣ አውቶቡሱ ወደቡ ላይ አወረዳት።

ዝናቡ እዚያ ከላይ አይወርድም፤ ከጎን ይመጣል፣ እንደ ክስ።
ዓሣ ጫኙ ሹፌር ሮጦ ገባ፤ ቀጭ። ነፍሰ ጡር መጣች፤ እሷ ላይ ጣቷ ቆመ፤
አንድ ትባል ወይስ ሁለት? መመሪያ የለም ቅጹ ላይ፣ ብትገልጥ ብትዳስስ።
ጡረተኛው መርከበኛ በየሰዓቱ ይመጣል፣ ከዘራውን አስቀድሞ፤
ከቤቱ የሚወጣው፣ አለ፣ ከሽንት ቤት እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ገምግሞ።
«ይህ ከተዘጋ» አለ፣ «የእኔ ከተማ በሁለት መንገድ ታጥራለች።»
ቀጭ።
ለዚህ ቦታ የለም ቅጹ ላይ፤ ኅዳጉ ላይ ጻፈች።

ጽዳቱን የያዘችው ዶሊና ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዘለላ ቁልፍ፤
ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳችላት፣ ደግማ ቀዳችላት፤ ብርዱ ነው የሚያንገፈግፍ።
ሻይ ደግሞ ሻይ ነው፤ የሰው ልጅም ያው የሰው ልጅ፤
በሁለት ቀን አምስት ጊዜ ገባች ኢሽቤል ራሷ፣ መቁጠሪያዋ በእጅ፣
ጣቷም ልማድ ሆኖበት እሷንም ቀጭ አደረጋት፣
አምስቴም። ማታ የመቁጠሪያዋን መስኮት ብታይ፣

መቶ አርባ ሦስት።
ያለ እሷ፣ መቶ ሠላሳ ስምንት።

«ቆጣሪ አይቆጠርም» አለች፣ «ጥናት የራሱ ሕግ አለው።»
ዶሊና መጥረጊያዋን አቆመች፤
«ያንቺ ሽንት፣ ልጄ፣ ሽንት አይደለም? ወይስ ዲግሪ ሲኖረው ስሙ ሌላ ነው?»

ያን ሌሊት በእንግዳ ማረፊያው፣ ማሞቂያው ሲያንኳኳ፣ አልተኛችም።
ውሸት አይደለም፣ ገብታለች። እውነትም አይደለም፣ የአገሩ ሰው አይደለችም።
ሹፌሩስ? እሱስ ቢሆን የዚያ ወደብ ሰው ነበር?
አምስት ቁጥር ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፣ እንደ ዓሣ እሾህ፣ ሳይሰበር።

ሰኞ፣ መቶ ሠላሳ ስምንት ብላ ጻፈች፤ ጣቷ እንደ እርሳስ ከበዳት።
ከገጹ ግርጌ፣ እንደ ጤፍ በደቀቀ ፊደል፣ አንዲት መስመር አከለችባት፦
«ቆጣሪዋ አምስት ጊዜ ገብታለች። ብርድ ነበር። ከድምሩ ወጥታለች።»
ፈርገስ «ብርድ ነበር» የሚለውን ሰረዘ፤ የቀረችው መስመር ዳነች።

ሪፖርቱ ሄደ። ወረዳው ምን እንደወሰነ አልሰማችም፤ ሦስት ወሯ አለቀና
ወደ ውሃ ታሪፍ ቡድን አዛወሯት። ምሩቅ አንድ ቦታ አይከርምም፤
ሰው መልመድ ሲጀምር ይነቀላል፣ ይተከላል እንደ ችግኝ እንደገና።

በቀጣዩ መስከረም ሩአሪ የሚባል ልጅ መጣ፣ ጫማው አዲስ፣ ኮዳው ባዶ፤
የሽንት ቤቱ ጥናት ሁለተኛ ዙር ለእሱ ደረሰው፤ ወደ ጠረጴዛዋ ቀረበ፣ ፊቱ በሐፍረት ነድዶ።
መሳቢያዋን ከፍታ መቁጠሪያዋን አወጣች፣ ዜሮ ላይ መልሳ ሰጠችው።
«ምክር አለሽ?» አላት።

አሰበች። ማዕቀፍ ነበራት፤ ሦስት ነጥብም አታጣም ነበር፣ ብትፈልግ ኖሮ።
«ዶሊናን ጠይቅ» አለችው፣ «ሻይ ስትቀዳልህ እምቢ አትበል።
ብዙ ጠጣ።»